መጀመሪያ ውኃ ስፈሩበት፦ ለቤት የሚሆን የኤስፕሬሶና የካፑቺኖ ሲኒ አመራረጥ

የካፌ ቡና ማሽን ጠጋኝ ነኝ። ጧት ገርጂ፣ ከሰዓት ፒያሳ፣ አንዳንዴም ማታ ቦሌ፣ "ስቲሙ ጠፋ፣ ቶሎ ድረስልን" እየተባልኩ እሮጣለሁ። ማሽን ከመፍታቴ በፊት አናቱ ላይ የተደረደሩትን ሲኒዎች አንድ በአንድ ማውረድ ግድ ስለሆነ፣ ሳላስበው ሲኒ መለየት ለመድኩ።

አሁን አሁን ማሽን ቤታቸው የሚያስገቡ ደንበኞች በዝተዋል። ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ ዘመድ ያመጣላቸውን ትንሽ ማሽን ገጥሜ፣ ወፍጮውን አስተካክዬ፣ "በሉ ሲኒ አምጡ" ስል የሚመጣልኝ ወይ የሻይ ኩባያ ነው፣ ወይ ለሠርግ የተሰጠ ባለ ወርቅ ቅብ ሲኒ ከነአቧራው። ቡናው ይቀዳል፣ ይቀመሳል፣ "እንደ ካፌው አልሆነም እኮ ጋሼ" ይባላል። ማሽኑ ላይ ያን ሁሉ ገንዘብ ሲያፈሱ ስለ ሲኒው ያሰበ የለም። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው፤ እንደኔ መሰብሰብ ለሚያምራቸውም ጭምር።

ስንት ይይዛል?

ሲኒ ስትገዙ ቀለሙን፣ አበባውን፣ "የጣሊያን ነው" የሚለውን ወሬ ለጊዜው ተዉትና ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚይዝ እወቁ። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው።

በ1998 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የጣሊያን ብሔራዊ የኤስፕሬሶ ተቋም ልኩን በቁጥር አስቀምጦታል። አንድ ኤስፕሬሶ ከ7 ግራም ቡና በ25 ሴኮንድ ገደማ የሚወርድ 25 ሚሊ ሊትር መጠጥ ነው፤ ሲኒው ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ነጭ ፖርሲሊን። ካፑቺኖ ሲሆን በ25 ሚሊ ሊትር ኤስፕሬሶ ላይ 100 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ወተት በእንፋሎት ተመትቶ፣ በአረፋው ወደ 125 አድጎ ይፈስበታል፤ ሲኒው ከ150 እስከ 160 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ደምሩት፦ 25 እና 125፣ 150። ሲኒው እስከ አፉ ይሞላል፣ አረፋውም ትንሽ ጉብ ብሎ ይቆማል። ለተጨማሪ ወተት ቦታ የለውም።

እስቲ አሁን ወደ ሱቅ ሂዱና "የካፑቺኖ ሲኒ" በሉ። የሚያወጡላችሁ አብዛኛውን ጊዜ ከ220 እስከ 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ጎድጓዳ ነገር ነው። እሱን ለመሙላት ወተቱን እጥፍ ማድረግ አለባችሁ፤ ያኔ ቡናው ይሰጥማል፤ ቡናው ሲሰጥም ስኳር ይጨመራል፤ መጨረሻ ላይ የምትጠጡት የሚጣፍጥ ትኩስ ወተት ነው። ላቴ ለሚወድ ሰው ምንም ችግር የለውም፤ ሲኒውም የላቴ ሲኒ ነው። ስሙን ብቻ ነው የሳቱት።

የቤት ማሽን ያላችሁ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ከማሽኑ ጋር የሚመጣው የቡና ወንፊት ብዙውን ጊዜ የሁለት ሰው ነው፤ ከ14 እስከ 18 ግራም ቡና ይይዛል፣ ከ35 እስከ 50 ሚሊ ሊትርም ይወርዳል። ይህን በ60 ሚሊ ሊትር ሲኒ ብትቀዱት ለማንኪያ ቦታ አይተርፍም። ሁልጊዜ ደብል የምትቀዱ ከሆነ ከ80 እስከ 100 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን ውሰዱ። ነጠላ የምትጠጡ ከ60 እስከ 75 ይበቃችኋል። እኔ 70 ነው የሚመቸኝ።

ስለ ማኪያቶ ደግሞ የጣሊያኖቹን ልክ እርሱት። እነሱ ማኪያቶ የሚሉት ኤስፕሬሶ ላይ አንድ ሁለት ማንኪያ አረፋ ጠብ የተደረገበትን ነው፤ በዚያው በኤስፕሬሶ ሲኒ ይጠጡታል። የእኛ የአዲስ አበባው ማኪያቶ ወተቱ በዛ ይላል፣ "ጠቆር አድርገው"፣ "ነጣ አድርጊው" እየተባለ የሚስተካከል የራሱ መጠጥ ሆኗል። ለእሱ ከ90 እስከ 120 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ሲኒ ወይም ትንሽ ብርጭቆ ነው ልኩ። ብርጭቆው ለሌላም ይጠቅማል፦ ቡናውና ሻዩ ተደራርበው ካልታዩ ስፕሪስ ምኑ ስፕሪስ ነው?

የጀበና ሲኒስ አይሆንም ወይ የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ለሞካ በጣም ጥሩ ነው፤ ሞካ ወፈር ያለ የምድጃ ቡና ስለሆነ ጆሮ በሌለው ቀጭን ሲኒ ሲጠጣ ያምርበታል። ለኤስፕሬሶ ግን የጀበና ሲኒ አፉ ሰፊ ነው። ክሬማው፣ ማለትም ኤስፕሬሶው ላይ የሚሰፍረው ወርቃማ አረፋ፣ ይሳሳል፤ ከታች ያለው ጥቂት ቡናም ቶሎ ይቀዘቅዛል። ጀበናው እስከ ጢም ይሞላዋል፣ ኤስፕሬሶው ግን ሲሶውን እንኳ መሙላት ያቅተዋል።

የኤስፕሬሶ ሲኒ ይህን ያህል ያነሰው ለጌጥ ብለው እንዳይመስላችሁ። ሚላኖ ውስጥ ሉዊጂ ቤዜራ በ1901 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ማሽን በእንፋሎት ግፊት ነበር የሚሠራው፤ ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ክሬማ አልነበረውም። በ1948 እ.ኤ.አ. የአኪሌ ጋጂያ ባለ ማንሻ ማሽን ገበያ ወጣ። በጉልበት የሚታጠፍ ስፕሪንግ ፒስተን እየገፋ ውኃውን በቡናው ውስጥ ያሳልፈዋል። ፒስተኑ ሥር የሚገባው ውኃ ጥቂት ስለነበር የሚወርደው ቡናም ጥቂት ሆነ፤ ላዩ ላይ ክሬማ መጣ። ሲኒው እንግዲህ የተሰፋው ለዚያ ፒስተን ነው። የድሮ ባለ ማንሻ ማሽን የፈታ ጠጋኝ ይህን በእጁ ነው የሚያውቀው።

አለካኩ ቀላል ነው። የኩሽና ሚዛን ካላችሁ ሲኒውን አስቀምጡ፣ ዜሮ አድርጉት፣ እስከ አፉ ውኃ ሙሉት፤ 1 ግራም ውኃ 1 ሚሊ ሊትር ነው። ሚዛን ከሌላችሁ ከፋርማሲ ባለ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ያለ መርፌው ግዙ። እኔ ሲሪንጅና ትንሽ የውኃ ጠርሙስ ከመፍቻዬ ጋር ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ነው የምዞረው። ሻጮች ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። የልጅ ሽሮፕ መለኪያ ክዳንም ይሠራል፣ ብቻ ትዕግሥት ይፈልጋል።

ከማሽኑ ጋር ይስማማል?

ይህን ማንም አይነግራችሁም፤ ሁለት ነገር ለኩ። አንደኛ፣ ቡናው ከሚወርድበት አፍንጫ እስከ ታችኛው ሰሃን ያለውን ቁመት። አንዳንድ የቤት ማሽን 7 ወይም 8 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው ያለው፤ ረጅም ብርጭቆ አይገባም። ሲኒው በጣም አጭር ከሆነ ደግሞ ቡናው ከሩቅ እየወደቀ ይረጫል፣ ክሬማውንም ይበሳዋል። ሁለተኛ፣ አፍንጫው ሁለት ከሆነ በመካከላቸው ያለውን ስፋት። የሲኒው አፍ ሁለቱንም ካልተቀበለ ግማሹ ቡና ውጭ ይፈሳል። ለአብዛኛው ባለ ሁለት አፍንጫ ማሽን አፉ 6 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሲኒ ይበቃል፤ የእናንተን ግን በማስመሪያ አረጋግጡ።

ወፍራሙ ሲኒ ሁልጊዜ ሙቀት ይይዛል?

ሁሉም ሰው "ወፍራሙን ውሰድ፣ ሙቀት ይይዛል" ይላል። ግማሽ እውነት ነው። ወፍራም ሲኒ ሙቀት የሚይዘው አስቀድሞ ከሞቀ ነው፤ ቀዝቃዛ ከሆነ ሙቀቱን የሚወስደው ከቡናችሁ ላይ ነው።

ሒሳቡን ላሳያችሁ። ፖርሲሊን በክብደት ሲነጻጸር ሙቀት የመያዝ አቅሙ የውኃን አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። ስለዚህ 100 ግራም የሚመዝን ሲኒ ሙቀት ሲጋራ 20 ግራም ውኃ እንደማለት ነው። እናንተ የቀዳችሁት ቡና 25 ግራም ነው። ቡናው 70 ዲግሪ፣ ሲኒው እንደ ክፍሉ 20 ዲግሪ ቢሆኑና ሙቀቱን እስከ መጨረሻው ቢካፈሉ ሁለቱም ወደ 48 ዲግሪ ይመጣሉ። ሲኒው አስቀድሞ 45 ዲግሪ ሞቆ ከነበረ 59 ላይ ይገናኛሉ። 200 ግራም በሚመዝን ቀዝቃዛ ኩባያ ከቀዳችሁት ደግሞ 39! ይህ ከሰውነት ሙቀት ብዙም አይበልጥም። በተግባር ሙቀቱ ሁሉ በአንዴ አይተላለፍም፣ ግን "ቡናዬ ለብ ብሎ ነው የሚወርደው፣ ማሽኑ ተበላሽቷል" ብላችሁ ከመጥራታችሁ በፊት ሲኒውን አሙቁ። ለዚህ ተጠርቼ ገንዘብ ስቀበል እኔም ይከብደኛል።

የማሞቂያው መንገድ፦ የፈላ ውኃ ሙሉበት፣ ቡናው እስኪፈጭ ይቆይ፣ ደፍታችሁ በጨርቅ አድርቁ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ስለተቀመጠች ውኃችን 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው የሚፈላው፤ ለሲኒ ከበቂ በላይ ነው። ሲኒው በመዳፍ ሲያዝ ደስ የሚል ሙቀት ይኑረው፤ እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ከንፈርም ያቃጥላል። ትልልቆቹ የካፌ ማሽኖች ቦይለሩ ራሱ አናታቸውን ስለሚያሞቀው ሲኒ እዚያ ይደረደራል። የትንንሾቹ የቤት ማሽኖች አናት ግን ብዙም አይግልም፤ ለአቧራ ካልሆነ እዚያ ማስቀመጡ ፋይዳ የለውም። ማሽናችሁ አናቱ የሚሞቅ ከሆነ ሲኒውን በቂጡ አስቀምጡት። ወፍራሙ ክፍል እሱ ነው፤ ሙቀቱን መያዝ ያለበትም እሱ ነው። በአፉ የሚደፉት ሰዎች አቧራ ፈርተው ነው፤ ከንፈር የሚነካው ጠርዝ ብረት ላይ ሲፋተግ ግን እኔ ደስ አይለኝም።

ጥሩ ሲኒ ውፍረቱ አንድ ዓይነት አይደለም። ከታች ወፍሮ ወደ አፉ እየሳሳ ይመጣል። ጠርዙን በሁለት ጣት ያዙት፣ ከዚያ ቂጡን በአውራ ጣትና በመሐል ጣት ለኩት፤ ልዩነቱ ይታወቃችኋል። ጠርዙ በጣም ወፍራም የሆነ ሲኒ ቡናውን አፍ ውስጥ በሰፊው ያፈሰዋል፤ በጣም የሳሳ ደግሞ ቶሎ ይሸረፋል።

ውስጡን እዩ

መብራት ያዙና ወደ ውስጥ ተመልከቱ። ለኤስፕሬሶ የሚሆነው እንደ እንቁላል ታች የጎደጎደ ነው። ቡናው ሲወርድ በክቡ ግድግዳ ተንሸራቶ ይዞራል፣ ክሬማውም ተሰብስቦ ላይ ይቀራል። ታቹ ጠፍጣፋና ማዕዘን ያለው ከሆነ ስኳሩ ማዕዘኑ ላይ ይጋገራል፣ ማንኪያም አይደርስበትም። በካፑቺኖ ሲሆን ልዩነቱ ይብሳል፦ ወተቱን ስታፈሱ ክቡ ቂጥ መልሶ ወደ መሐል ያዞረዋል፣ አበባ ወይም ልብ መሥራት የሚቻለውም ያኔ ነው። በጠፍጣፋ ሲኒ ልብ ለመሥራት የሚታገሉ ወጣት ባሪስታዎችን ሳይ ሲኒውን ቀይሩላቸው እላለሁ። ባለቤቱ ግን አይሰማኝም።

ውስጡ ነጭ ይሁን። ከውጭ የፈለጋችሁት ቀለም ይሁን፤ ቡናማ፣ አረንጓዴ፣ ጥቁር። ውስጡ ጠቆር ያለ ከሆነ ክሬማው ወርቃማ ይሁን ግርጥት ያለ አይለይም፣ ቡናው በዝቶ ይውረድ አንሶ ይውረድም አታዩም።

ጆሮው ላይ ብዙ አልቆይም። ጣታችሁን አስገቡና ውኃ ሞልታችሁ አንሡት፤ ሁለተኛው ጣት ገላውን ከነካውና ካቃጠለው ተዉት። የኤስፕሬሶ ሲኒ ጆሮ ብዙ ጊዜ ጣት አያስገባም፣ በሁለት ጣት ቆንጠጥ ተደርጎ ነው የሚያዘው፤ ስለዚህ አውራ ጣት የሚያርፍበት ጠፍጣፋ ነገር ከላይ ቢኖረው ጥሩ ነው። እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ አባቶችና እናቶች ግን ጣት ሙሉ የሚገባበትን ፈልጉላቸው።

ማስቀመጫው ሲኒው የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ክብ ይኑረው፣ ሲኒውም ሲነቃነቅ አይንኳኳ። ለማንኪያ የሚሆን ቦታ ይትረፍ። የኤስፕሬሶውና የካፑቺኖው ማስቀመጫ አንድ ዓይነት የሆነላቸው አምራቾች አሉ፤ ጠባብ መደርደሪያ ላለው ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ፖርሲሊን መሆኑንና ጤንነቱን ማወቅ

የስልካችሁን መብራት ሲኒው ውስጥ አስገቡና ከውጭ ተመልከቱ። ቀጭን ፖርሲሊን ብርሃኑን ያሳልፋል፣ የጣታችሁም ጥላ ይታያል፤ በጣም ወፍራም የካፌ ሲኒ ላይ ግን ቂጡ አካባቢ ላይታይ ይችላል፣ በጠርዙ በኩል ሞክሩ። ቀጥሎ ገልብጡትና ቅብ ያልነካውን የታች ቀለበት እዩ። ነጭና ልስልስ ከሆነ ጥሩ ነው። አንድ ጠብታ ውኃ አድርጉበት፦ ፖርሲሊን ከ1,200 ዲግሪ በላይ የተተኮሰ ስለሆነ ውኃ አይጠጣም፣ ጠብታው እንዳለ ይቆያል። በዝቅተኛ ሙቀት የተተኮሰው ግን ጠብታውን ይመጠዋል። እንዲህ ያለው ሲኒ ቶሎ ይሸረፋል፣ ቅቡ እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጣጠቃል፣ ስንጥቁ ውስጥ የገባው የቡና ቀለምም በምንም አይወጣም።

ከዚያ በእርሳስ ጠርዙን ቀስ አድርጋችሁ ምቱ፣ ሲኒውን በቂጡ መዳፋችሁ ላይ አስቀምጣችሁ። ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ አለው፤ የተሰነጠቀው ያፍናል። ያገለገለ ዕቃ ስትገዙ ይህን አትርሱ። ድምፁ ካጠራጠራችሁ ቤት ወስዳችሁ ውኃ ሞልታችሁ ጋዜጣ ላይ አሳድሩት። ጧት ጋዜጣው ከረጠበ ሲኒውን ለእስክሪብቶ ማስቀመጫ አድርጉት።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በጣም የቆየ፣ ውስጡ ወይም ጠርዙ በደማቅ ቀለም የተሣለ ሲኒ ለማየት ይሁን እንጂ አትጠጡበት። ድሮ ለቀለምና ለቅብ እርሳስ የተባለውን መርዛማ ብረት ይጠቀሙ ነበር፤ ትኩስና ኮምጠጥ ያለ መጠጥ ቀስ እያለ ሊያወጣው ይችላል። ውስጡ ነጭ፣ ሥዕሉ ከውጭና ከጠርዙ ዝቅ ብሎ የሆነውን ምረጡ።

ባለ ሁለት ግድግዳ ብርጭቆም ገበያ ላይ አለ። ጣት አያቃጥልም፣ ያምራል፤ ግን ቀላል ስለሆነ በክንድ ይገፈተራል፣ ርካሹ ደግሞ ከታች ያለችው የጎማ ውታፍ ስትላላ በግድግዳዎቹ መካከል ውኃ ይገባበታል። ተራ ብርጭቆ ላይ በድንገት የፈላ ውኃ አታፍሱ፣ ለብ ባለ ውኃ ጀምሩ። ለማኪያቶ ብርጭቆ የምትፈልጉ የፈረንሳዩን ዱራሌክስ ካገኛችሁ ያዙት፤ በሙቀት የጠነከረ ብርጭቆ ነው፣ 9 ሴንቲ ሊትር (90 ሚሊ ሊትር) የሚይዘውም አለው።

የት ይገኛል?

አዲሱን መርካቶ የቤት ዕቃ ከሚሸጡት ዘንድ ወይም ለሆቴልና ለካፌ ዕቃ ከሚያቀርቡ መደብሮች ታገኛላችሁ። የኋለኞቹ ይሻላሉ፤ ዋጋው ከፍ ቢልም ሲኒው ለካፌ ድብደባ የተሠራ ነው፣ አንድ ሲሰበርም ተመሳሳዩ ይገኛል። ስድስት ካልወሰድክ የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ሌላ ገዥ ፈልጋችሁ ተካፈሉ።

ያገለገለ የምትፈልጉ ምናለሽ ተራን እዩ። ልዋጮችም በየሰፈሩ ሲኒ ይዘው ይዞራሉ፤ እነሱ የሚያመጡት አዲስ ነው፣ በአሮጌ ልብስና ጫማ ይለወጣል፣ ግን ብዙውን ጊዜ የጀበና ሲኒ ነው። ከኤምባሲና ከድርጅት ሥራ ጨርሰው ወደ አገራቸው የሚመለሱ የውጭ ዜጎች የቤት ዕቃ ሲሸጡ ደግሞ ሰው ሁሉ ፍሪጅና ሶፋ ላይ ይረባረባል፤ እናንተ በቀጥታ ወደ ኩሽና ሂዱ። ለእኔ ግን ትልቁ ምንጭ የሚዘጉ ካፌዎች ናቸው። ማሽኑን እንድነቅል ስጠራ "ሲኒውስ?" ብዬ እጠይቃለሁ፤ ባለቤቱ ያዘነ ስለሆነ በዋጋ አልከራከረውም። ቡና ጠጥቶ ሲኒውን ቦርሳው ውስጥ ከትቶ የሚወጣ ሰውም አለ፤ እሱ ሰብሳቢ አይባልም። ባለቤቱን ብትጠይቁት አብዛኛውን ጊዜ አንዱን በፈገግታ ይሸጥላችኋል።

ምናለሽ ተራ ከአንድ ወጣት ሻጭ ጋር የተባባልነውን ልንገራችሁ።

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ ኦሪጅናል ጣሊያን ነው፤ የድሮ!"

"እስቲ ገልብጠው የኔ ልጅ።"

ገለበጠው። ማኅተም የለውም፤ ተለጥፎ የነበረ ወረቀት ሙጫው ብቻ ቀርቷል።

"ጣሊያን ቢሆን የሠራው ፋብሪካ ስሙን ቂጡ ላይ ያትም ነበር" አልኩት።

"ጋሼ ደግሞ! ስሙን ነው እንዴ የሚጠጡት?"

ሳቅኩና ሲሪንጄን አወጣሁ። 70 ሚሊ ሊትር ያዘ፣ ድምፁም ጥርት ያለ ነበር። ገዛሁት።

ስሙ የሚያስጨንቃችሁ ከሆናችሁ ግን ማኅተሙ ከቅቡ ሥር መታተሙን እዩ፤ በጥፍር የሚፋቅ ከሆነ አትመኑት። ከጣሊያን አምራቾች በ1964 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው፣ ቬሮና አጠገብ ሶማካምፓኛ ያለው አንካፕ ለካፌ ሲኒ የታወቀ ነው። ጂኖሪ ከሁሉ ያረጀ ነው፤ ማርኬዝ ካርሎ ጂኖሪ በ1735 እ.ኤ.አ. ፍሎረንስ አጠገብ ዶቻ ላይ ነው የጀመረው፤ ለዕለት ቡና ግን ዋጋው አይቀመስም። የቡና አምራቹ ኢሊ በ1992 እ.ኤ.አ. የሠዓሊዎች ሲኒ ማውጣት ጀመረ፤ በማቴዮ ቱን በተነደፈው ያው አንድ ነጭ ሲኒ ላይ ሥዕሉ ብቻ ይለዋወጣል። ጆሮው ክብ ቀለበት የመሰለውን እሱን ሲኒ ካያችሁት አትረሱትም። በዓለም ዙሪያ ሰብሳቢ አለው፣ ቁጥርና ፊርማ ያለበት ከነካርቶኑ ይፈለጋል። ከውጭ የምትመጡ ዘመዶች ሻንጣ ላይ ቦታ ካላችሁ ሲኒውን በካልሲ ሞልታችሁ በሹራብ ጠቅልሉት፤ ጆሮው ወደ ሻንጣው መሐል ይዙር።

ስብስብ እንዴት ይያዛል?

እኔ ስድስት ስድስት አልገዛም። ከአንድ ዓይነት ሁለት ይበቃኛል፤ ቤት ውስጥ ቡና የምንጠጣው እኔና ባለቤቴ ነን። እሷ ግን በዚህ አትስማማም። "እንግዳ ሲመጣ አንዱ ቀይ አንዱ ሰማያዊ እየሰጠሁ ልፈር?" ትላለች። ረከቦት ላይ ሲኒው አንድ ዓይነት ሆኖ መደርደሩ ወግ ነው፣ እሷም ልክ ናት፤ የጀበናውን ለእሷ ትቻለሁ። የማሽኑ መደርደሪያ ላይ ግን እንግዳው ራሱ ይመርጣል። ሁልጊዜ አንዱን ሲኒ ብቻ የሚፈልግ እንግዳ አለን፤ ሲኒውን ሌላ ሰው ይዞት ካገኘው ፊቱ ይለዋወጣል።

መስመር ይኑራችሁ፤ አለዚያ ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ይሆናል። አንዱ የቡና ቆዪዎች ዓርማ ያለበትን ብቻ ይሰበስባል፣ ሌላው ነጩን ብቻ እየለቀመ ቅርፁን ያወዳድራል። የእኔ መስመር ከ60 እስከ 100 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ ውስጡ ነጭ፣ ክብ ቂጥ ያለው ነው። እያንዳንዱን በየተራ እጠጣበታለሁ፤ ለዓመት ያልተነካ ከሆነ ለሚፈልገው እሰጠዋለሁ። በትንሽ ደብተር ላይ የት እንደተገኘ፣ ስንት እንደሚይዝና ክብደቱን እጽፋለሁ። ሲኒው ውስጥ ወረቀት አትለጥፉ፣ ሙጫው ያስመርራል።

እጥበትና አቀማመጥ

የቡና ቀለም የያዘውን ሲኒ በብረት ሽቦ አትፈትጉ፤ ቅቡን ይጭረዋል፣ ከዚያ በኋላ ቀለም ይበልጥ ይይዛል። ቤኪንግ ሶዳ በጥቂት ውኃ ለውሳችሁ በጣት እሹት። ለባሰበት የቡና ማሽን ማጠቢያ ዱቄት አንድ የሻይ ማንኪያ በአንድ ሊትር ሙቅ ውኃ በጥብጣችሁ ሲኒዎቹን ለግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉ፤ ጓንት አድርጉ፣ ከዚያ ደጋግማችሁ አለቅልቁ። ማንኪያ የተወው የሚመስል ግራጫ መስመር የማንኪያው ብረት ነው፣ ስንጥቅ አይደለም፤ በሶዳ ይለቃል። ወርቅ ቅብ ያለበትን ማይክሮዌቭ ውስጥ አታስገቡ፣ ዕቃ ማጠቢያ ማሽንም ያደበዝዘዋል።

ስትደራርቡ ከሁለት አትለፉ። ሦስተኛው ሲጨመር የታችኛው አፍ ላይ ክብደቱ ይበዛል፣ እርጥብ እያሉ ከተደራረቡም ይጣበቃሉ፤ እንዲህ ሲሆን ጠምዝዛችሁ አትጎትቱ፣ የታችኛውን ሙቅ ውኃ ውስጥ አድርጋችሁ ጠብቁ። ጆሮውን በመንጠቆ መስቀል ለመልክ ጥሩ ነው፣ ግን ሲኒ የሚሰበረው ብዙ ጊዜ ጆሮው ከገላው በተጣበቀበት ቦታ ነው፤ ከባዱን አትስቀሉ። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ከፈንታሌ በኩል የመጣው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ፣ ሌሊት ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ የመደርደሪያዬ ሲኒዎች ጫጫታ ነው። ከዚያ በኋላ በየመደርደሪያው ፊት ሁለት ጣት ያህል ከፍ ያለ ቀጭን የእንጨት መከታ አስመታሁ፣ ከሥርም መሳቢያ ላይ የሚነጠፈውን የማያንሸራትት ጎማ ቆርጬ አነጠፍኩ። አናጺው ከባዶቹን የካፑቺኖ ሲኒዎች ወደ ታችኛው መደርደሪያ አውርዳቸው አለኝ፤ አወረድኳቸው።